«ቢያንስ» ሲባል ምልክቱ ለምን «ይበልጣል» ይሆናል?

ጥያቄ

«ወንድሜ ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ይፈተናል። ማታ ማታ ሒሳብ የማስጠናው እኔ ነኝ። የእኩል ይሆናል ጥያቄ ከሆነ ያለ ችግር ይፈታል። ያለእኩልነት (በ«ያንሳል» ወይም በ«ይበልጣል» ምልክት የሚጻፍ) ሲመጣ ግን ምልክቱን አንዳንዴ ያዞረዋል፣ አንዳንዴ እንዳለ ይተወዋል። «ለምን አዞርከው?» ስለው መልሱ «ኔጋቲቭ ስላለ» ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። የቃላት ጥያቄ ሲያይ ደግሞ ጭራሽ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ከሞከረም «ቢያንስ» የሚል ባየ ቁጥር «ያንሳል» የሚለውን ምልክት ይጽፋል። ከየት ልጀምርለት?»

እህቱ ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህታችን፣ ወንድምሽ ምልክቱን የሚመርጠው በጆሮውና በዐይኑ ነው። «ቢያንስ» ውስጥ «ማነስ»ን ይሰማል፣ «<» ይጽፋል። የመቀነስ ምልክት ያያል፣ ያዞራል። በሁለቱም ቦታ የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ቁጥር አስገብቶ «ይህ እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ። ስለዚህ ማስጠናቱን ከመፍታት አትጀምሪ። ከቃላቱ ጀምሪ፤ የምልክቱ መዞር ቀጥሎ ይመጣል።

«ቢያንስ»ን እንፍታው። «ለጉዞው ቢያንስ 50 ብር ያስፈልጋል» ሲባል «አነሰ ቢባል እንኳ 50 ነው» ማለት ነው። 50 የታችኛው ጠርዝ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ ያለው ሁሉ ይሆናል። ስለዚህ ሸ ≥ 50፣ «ሸ ከ50 ትበልጣለች ወይም እኩል ናት»። «ቢበዛ» ግልባጩ ነው፤ «መኪናው ቢበዛ 50 ሰው ይይዛል» ሲባል 50 የላይኛው ጠርዝ ነው፣ ሸ ≤ 50። ቃሉ «ማነስ»ን ይዞ ምልክቱ «ይበልጣል» መሆኑ ለልጅ ግራ ነው፤ ቢሳሳት አይፈረድበትም። (ሸ ያልናት በደብተሩ ላይ ኤክስ ብሎ የሚጽፋትን ያልታወቀች ቁጥር ነው።)

ይህን ብታብራሪለት ይገባዋል፣ በሳምንቱ ግን ይረሳዋል። በፈተና ቀን የሚያድነው የጠርዝ ሙከራ ነው። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ቁጥር ይዞ ሦስት ጊዜ ይጠይቅ፦ ከጠርዙ አንድ ዝቅ ያለው፣ ጠርዙ ራሱ፣ አንድ ከፍ ያለው። «ቢያንስ 50 ብር ያስፈልጋል» — 49 ይበቃል? አይበቃም። 50? ይበቃል። 51? ይበቃል። የሚበቁት ወደ ላይ ናቸው፣ ጠርዙም አብሮ ገብቷል፤ እንግዲህ «≥»። ይህን ጮክ ብሎ ይበለው፤ መልሱን እስኪጨርስም ምልክት አይጻፍ። ከአሥር ሰከንድ በላይ አይፈጅም።

በዚሁ ሙከራ ሌሎቹንም አስፈትሺው። «ከ50 አይበልጥም» ሲባል 50 ራሱ ስለማይበልጥ ይገባል፤ ≤ ነው። ልጆች እዚህ ላይ «አይበልጥም ማለት ያንሳል ማለት ነው» ብለው «<» ይጽፋሉ፤ ጠርዟ ትጠፋለች፣ ማርኳም አብራ። «ከ50 አያንስም» ≥፣ «ከ50 ያላነሰ» ≥፣ «ከ50 ያልበለጠ» ≤። «18 ዓመትና ከዚያ በላይ» ሲባል 18 አለበት፤ «ከ18 ዓመት በላይ» ሲባል የለበትም። በመንገድ ላይ ወሬ «ከ18 በላይ» የሚል ሰው 18ንም ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ በሒሳብ ፈተና ግን «በላይ» ብቻውን ከቆመ ጠርዙን አውጥቶ «>» ይጻፍ።

አንድ የቋንቋችን ጠባይ እዚህ ላይ ይታይ። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «የሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ድምር ከ31…» ድረስ አንብቦ ምልክት የሚጽፍ ልጅ ገና ምንም አልሰማም፤ ይበልጣል፣ አይበልጥም፣ ያንሳል፣ አያንስም፣ ሁሉም ከፊቱ ናቸው። ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን፦ አራት ነጥቡ ጋ ሳይደርስ ምልክት አይጻፍም።

ከሁሉ የሚከፋው ወጥመድ ግን አንዲት ፊደል ናት። እነዚህን ሁለቱን አስተያዪ፦

«ሸ ከ5 ያንሳል።»
«ሸ ከ12 በ5 ያንሳል።»

የመጀመሪያው ያለእኩልነት ነው፣ ሸ < 5። ሁለተኛው ግን እኩልነት ነው፣ ሸ = 12 − 5፣ መልሱም 7 ብቻ ነው። «ያንሳል» የሚለው ግሥ በሁለቱም አለ፤ ልዩነቱ «በ» ናት። «ከ» ከማን ጋር እንደተወዳደረ ትናገራለች፣ «በ» ደግሞ በስንት። በስንት እንደሚያንስ ከታወቀ ነገሩ ተቆርጧል፣ ስለዚህ «=»። በስንት እንደሆነ ካልተነገረ «<» ወይም «>»። ሁለቱም ተደባልቀው ሊመጡም ይችላሉ፦ «ሸ ከ12 ቢያንስ በ5 ይበልጣል» ማለት ሸ ≥ 12 + 5። ወንድምሽ በጥያቄው ላይ ከቁጥር ጋር የተጣበቁትን «ከ» እና «በ» በእርሳስ ይክበባቸው።

«ከ» ለመቀነስም ታገለግላለች። «ከሸ 7 ሲቀነስ» እና «7 ከሸ ሲቀነስ» ቅደም ተከተላቸው ቢለያይም ሁለቱም ሸ − 7 ናቸው፤ «ከ» የተጣበቀችበት ይቀድማል። «ሸ ከ7 ሲቀነስ» ግን 7 − ሸ ነው። «የሸ እና የ4 ድምር 3 እጥፍ» 3(ሸ + 4)፤ «የሸ 3 እጥፍ እና የ4 ድምር» 3ሸ + 4። ሸ 10 ብትሆን አንደኛው 42፣ ሌላው 34 ይሰጣል፤ ቅንፍ ምን እንደምትሠራ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

አሁን እስክሪብቶ ወደማስቀመጡ እንምጣ። የቃላት ጥያቄ የሚያስፈራው ልጁ ከንባብ በቀጥታ ወደ ሸ ስለሚዘል ነው። መሐል ላይ አንድ እርከን ይጨመር፦ መልሱን እንደዋዛ ይገምት፣ ግምቱ ልክ መሆኑን በተራ ሒሳብ ያጣራ፣ ከዚያ ግምቱ የነበረበትን ቦታ ሁሉ በሸ ይተካ። በምሳሌ እንየው (ዋጋዎቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው፣ የገበያ ዋጋ አይደሉም)፦

«አንዲት ሴት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ለጤፍ፣ ለመብራትና ለሌላው በአንድ እንጀራ 14 ብር ታወጣለች፤ በ20 ብር ትሸጠዋለች። የምትጋግርበት ቤት ኪራይ በወር 2,400 ብር ነው። በወር ከ6,000 ብር ያላነሰ ትርፍ እንድታገኝ ስንት እንጀራ መሸጥ አለባት?»

«1,000 ቢሆንስ?» በይው። ገቢዋ 20 × 1,000 = 20,000። ለእንጀራው ያወጣችው 14 × 1,000 = 14,000። ኪራይ 2,400። የተረፋት 20,000 − 14,000 − 2,400 = 3,600። አልበቃም። ግምቱ መሳሳቱ ምንም አይደል፤ የፈለግነው የስሌቱን መንገድ ነው፣ እሱም ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። 1,000 ያለበትን ሁሉ ሸ እናድርገው፦

20ሸ − 14ሸ − 2,400 ≥ 6,000

ከዚህ በኋላ ወንድምሽ የሚያውቀው ነገር ነው። 6ሸ − 2,400 ≥ 6,000፤ ሁለቱም ወገን ላይ 2,400 ሲደመር 6ሸ ≥ 8,400፤ ለ6 ሲካፈል ሸ ≥ 1,400። ጠርዙን እናጣራ፦ 1,400 እንጀራ 8,400 − 2,400 = 6,000፣ ይበቃል። 1,399 እንጀራ 8,394 − 2,400 = 5,994፣ አልበቃም። መልሱ ልክ ነው። በወር 26 ቀን የምትሠራ ከሆነና «በቀን ስንት?» ከተባለ 1,400 ለ26 ሲካፈል 53 ከምናምን ነው፤ 53 ብትል በወር 1,378 ላይ ትቀራለች፣ ስለዚህ 54።

እዚህ ጥያቄ ላይ የሚሠራው ስህተት የታወቀ ነው፤ ኪራዩን ከ14 ጋር ደምሮ 2,414ሸ ማድረግ። እንዲህ የጻፈ ልጅ በእያንዳንዱ እንጀራ የወር ኪራይ ከፈለ ማለት ነው። በግምቱ እርከን ያለፈ ልጅ ይህን አይሠራም፣ 2,400ን በ1,000 ሲያባዛ ራሱ ይስቃል። ሁለተኛው ስህተት «ሸ = እንጀራ» ብሎ መጀመር ነው። ሸ ቁጥር እንጂ እንጀራ አይደለችም። «ሸ = በወር የሚሸጥ የእንጀራ ብዛት» ብሎ ሙሉውን ይጻፍ፤ ብዛት ይሁን ብር፣ በቀን ይሁን በወር፣ ከመጀመሪያው መስመር ይታወቅ። ኪሎና ኩንታል፣ ደቂቃና ሰዓት የተቀላቀሉበት ጥያቄ ከሆነ ደግሞ ሸን ከመጻፉ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ያምጣ።

በነገራችን ላይ የቃላት ጥያቄ ከኤክስ በዕድሜ ይበልጣል። አልጀብራ የሚለው ስም የተወሰደው በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ ይሠራ ከነበረው ከአል-ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ርዕስ ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ግን እንደ ዛሬው ያለ ምልክት የለም፣ ውርስ ማከፋፈሉም ንግዱም የተሰላው በቃላት ነው። ያልታወቀውን ቁጥር «ሸይእ» ይለዋል፣ «ነገር» ማለት ነው። የእኩል ይሆናል ምልክት በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው በ1557፣ «<» እና «>» ደግሞ በ1631 ነው (ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር)። ልጁ «ነገሩ ምንድን ነው?» ብሎ መጀመሩ እንግዲህ የቆየ ወግ ነው።

መልሱ ክፍልፋይ ሲሆን ወዴት ማጠጋጋት እንዳለበት የሚወስነው ታሪኩ ነው። አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ላይ፣ ካነሰ ወደ ታች የሚለው የተለመደው ደንብ እዚህ አይሠራም። «260 ተማሪ ለጉብኝት ይሄዳል፣ አንድ አውቶቡስ 45 ሰው ይይዛል» ቢባል 45ሸ ≥ 260፣ ሸ ≥ 5.77…፣ መልሱ 6 አውቶቡስ ነው። «አንድ ፒክአፕ ከ1,200 ኪሎ በላይ አይጭንም፣ ሾፌሩና ረዳቱ በአንድነት 140 ኪሎ ይመዝናሉ፣ ስንት ኩንታል ጤፍ ይጭናል?» ቢባል ግን 140 + 100ሸ ≤ 1,200፣ ሸ ≤ 10.6፣ መልሱ 10 ኩንታል ነው። በተለመደው ደንብ 11 ብሎ ከጻፈ 1,240 ኪሎ ጭኗል። አውቶቡሱ ላይ ቢያንስ፣ ፒክአፑ ላይ ቢበዛ፤ አቅጣጫውን የሚሰጠው ምልክቱ ነው።

ጠርዟ ሳትገባ ስትቀር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ሀና 500 ብር አላት፣ በየወሩ 150 ትቆጥባለች። ሣራ 1,400 አላት፣ በየወሩ 90 ትቆጥባለች። የሀና ገንዘብ ከሣራ የሚበልጠው በስንተኛው ወር ነው?» 500 + 150ሸ > 1,400 + 90ሸ፤ 60ሸ > 900፤ ሸ > 15። አብዛኛው ልጅ 15 ብሎ ያከብባል። በ15ኛው ወር ግን ሁለቱም 2,750 ብር ይዘው እኩል ናቸው። ሀና የምትቀድመው በ16ኛው ነው። ምርጫ ባለው ፈተና 15ም 16ም ከምርጫዎቹ መሐል መግባታቸው አይቀርም።

አሁን ወደ ምልክቱ መዞር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና «ኔጋቲቭ ስላለ» የሚለውን መልስ እንተወው።

ሁለቱም ወገን ላይ እኩል ቁጥር መደመርም ሆነ መቀነስ ምልክቱን አይነካውም። አንቺ ከወንድምሽ ትበልጫለሽ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ትበልጫለሽ፣ ከአምስት ዓመት በፊትም ትበልጪ ነበር። በፖዘቲቭ ቁጥር ማባዛትና ማካፈልም እንዲሁ ነው፤ የሁለት ሰዎች ገንዘብ በሦስት ቢባዛ ሀብታሙ ሀብታም ሆኖ ይቀጥላል። በኔጋቲቭ ሲባዛ ግን ገንዘቡ ዕዳ ይሆናል። 5 ሺህ ያለው 2 ሺህ ካለው ይበልጣል፤ የ5 ሺህ ዕዳ ያለበት ግን የ2 ሺህ ዕዳ ካለበት የባሰ ነው። 2 < 5፣ ነገር ግን −2 > −5። በቁጥር መስመር ላይ ደግሞ እንዲህ አሳዪው፦ 2 እና 5ን ወረቀት ላይ አስፍሪ፣ ወረቀቱን በ0 ላይ እጠፊው። 2 በ−2 ላይ፣ 5 በ−5 ላይ ያርፋል። በስተቀኝ ርቆ የነበረው አሁን በስተግራ የራቀው ሆኗል። ምልክቱ የሚዞረው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ስለተለዋወጡ።

እንግዲህ ምልክት የሚዞረው በአንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ ሁለቱንም ወገን በኔጋቲቭ ቁጥር ስናባዛ ወይም ለኔጋቲቭ ቁጥር ስናካፍል። መልሱ ወይም በወዲያ ያለው ቁጥር ኔጋቲቭ መሆኑ አይመለከተውም። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አሠሪው፦

3ሸ < −12 → ሸ < −4 (ያካፈልነው ለ3 ነው፣ አይዞርም)
−3ሸ < 12 → ሸ > −4 (ያካፈልነው ለ−3 ነው፣ ይዞራል)

«ኔጋቲቭ ስላለ» የሚል ልጅ ሁለቱንም ያዞራል። ከሁለቱ ቀጥሎ −5 + ሸ > 2 ስጪው። ኔጋቲቭ አለ፣ ግን የሚደረገው 5 መደመር ብቻ ነው፤ ሸ > 7። እዚህ ካላዞረ ገብቶታል።

አሁንም ከተወዛገበ ጭራሽ ማዞር የማያስፈልግበት መንገድ አለ፤ እኛ ለደካማውም ለጎበዙም የምንመክረው ይህንኑ ነው። ሸ ፖዘቲቭ ወደምትሆንበት ወገን ትሂድ። 7 − 2ሸ ≤ 1 ቢሰጠው በሁለቱም ወገን 2ሸ ይደምር፦ 7 ≤ 1 + 2ሸ። 1 ይቀንስ፦ 6 ≤ 2ሸ። ለ2 ያካፍል፦ 3 ≤ ሸ። ማዞር የለም፣ መርሳትም የለም። የቀረው መልሱን ከሸ ጀምሮ ማንበብ ነው፤ «3 ከሸ ያንሳል ወይም እኩል ነው» ማለት «ሸ ከ3 ትበልጣለች ወይም እኩል ናት» ማለት ነው። ወደ ሸ ≥ 3 ሲገለብጠው ሰፊው የምልክቱ አፍ ወደ ሸ እንደከፈተ ይቆይ።

ለሸ ራሷ ማካፈል ግን ክልክል ነው። 5ሸ < 3ሸ የሚል ጥያቄ ቢመጣ ልጁ ሸን ከሁለቱም ወገን «ሰርዞ» 5 < 3 ይላል፤ ይህ ሐሰት ስለሆነ «መፍትሔ የለውም» ብሎ ይዘጋል። −1ን ግን አስገቢ፦ −5 < −3፣ እውነት። የተሰረዘችው ሸ ኔጋቲቭ ትሁን ፖዘቲቭ ወይም 0 ስለማይታወቅ ነው ነገሩ የተበላሸው። ልኩ 3ሸን መቀነስ ነው፤ 2ሸ < 0፣ ሸ < 0። ሸ በትክክለኛው መንገድ ከሁለቱም ወገን የምትጠፋበትም ጊዜ አለ። 2(ሸ + 3) > 2ሸ + 1 ሲፈታ 6 > 1 ይቀራል፤ ይህ ምንጊዜም እውነት ስለሆነ ሁሉም ቁጥር መፍትሔ ነው። 2ሸ + 5 < 2ሸ + 3 ደግሞ 5 < 3 ይሆናል፣ እውነት ሆኖ አያውቅም፤ መፍትሔ የለውም።

ክፍልፋይ ያለበት ላይ አንድ ቦታ ብቻ ተጠንቀቂ። ሸ/2 − (ሸ − 1)/3 ≤ 2። ሁለቱንም ወገን በ6 እናባዛ፦ 3ሸ − 2(ሸ − 1) ≤ 12። ቅንፉ ሲፈታ −2 በ−1 ተባዝቶ +2 ይሆናል፦ 3ሸ − 2ሸ + 2 ≤ 12፣ ሸ ≤ 10። ቅንፉን ሳይጽፍ የሚቸኩል −2 ብሎ ሸ ≤ 14 ያገኛል። 13ን አስገብቶ ይይ፦ 6.5 − 4 = 2.5፣ ከ2 ይበልጣል፤ ስለዚህ 14 ውሸት ነው። ሌላው የሚረሳው በስተቀኝ ያለውን 2 በ6 ማባዛት ነው፤ እሱም በዚሁ ሙከራ ይጋለጣል።

የቁጥር መስመሩን በተመለከተ ብዙ አንልም። ጠርዙ ካለበት (≤፣ ≥) ጠርዙ ላይ የሚሳለው ክብ ይሞላል፣ ከሌለበት (<፣ >) ባዶ ይሆናል። የሚያሳስተው 3 > ሸ ነው፤ የምልክቱ ጫፍ ወደ ቀኝ ስለሚያመለክት ልጆች ቀስቱን ወደ ቀኝ ይስላሉ። ሸ < 3 ብሎ ገልብጦ ከጻፈ በኋላ ይሳል። መልሱ የሰው ወይም የእንጀራ ብዛት ከሆነ ደግሞ መስመሩ ላይ የሚሳለው ነጠላ ነጠላ ነጥብ ነው፤ ሁለት ከግማሽ ተማሪ የለም።

ላይኛውም ታችኛውም ጠርዝ ያለው ጥያቄ ሲመጣ ሁለቱንም አንድ ላይ ይያዛቸው። አራት ፈተና ላይ 72፣ 65፣ 80 እና 75 ያመጣ ተማሪ የአምስቱ አማካይ ከ75 እንዳያንስ አምስተኛው ላይ ስንት ያምጣ? የአራቱ ድምር 292 ነው፤ 292 + ሸ ≥ 375፣ ሸ ≥ 83። ፈተናው ከ100 ስለሚታረም መልሱ 83 ≤ ሸ ≤ 100 ነው። እዚህ 100 በጥያቄው ላይ ባይጻፍም አለ።

ለማስጠናቱ ይህን አድርጊ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምሽቶች መፍታት የሚባል ነገር አይኑር። በየምሽቱ አሥር ዓረፍተ ነገር አንብቢለት፣ እሱ ወደ ምልክት ብቻ ይመልስ፤ ጠርዙን ጮክ ብሎ ይሞክር። በአራተኛው ምሽት አቅጣጫውን ገልብጪው፤ 4ሸ + 10 ≤ 90 ስጪውና ታሪኩን እሱ ይፍጠር። «በ10 ብር ፌስታል፣ በ4 ብር ብስኩት፣ በኪሴ 90 ብር» የሚል ነገር ከፈጠረ የቃላት ጥያቄ አይበግረውም። ከዚያ መፍታት ይቀጥል፣ በየጥያቄው መጨረሻም ጠርዙንና አንድ ሌላ ቁጥር አስገብቶ ያጣራ።

ለመጀመሪያው የመፍታት ምሽት ሦስት ጥያቄ እነሆ። አንደኛ፦ «የአንድ ቁጥር 4 እጥፍ ከ9 ሲቀነስ ውጤቱ ቢያንስ −15 ነው።» 9 − 4ሸ ≥ −15፣ መልሱ ሸ ≤ 6። 4ሸ − 9 ብሎ ከጻፈ «ከ» ያለችበትን አልከበበም። ሁለተኛ፦ «የአንድ ሬክታንግል ርዝመት ከወርዱ በ3 ሜትር ይበልጣል፤ ዙሪያው ከ50 ሜትር አይበልጥም። ወርዱ ስንት ሊሆን ይችላል?» «ይበልጣል» ሁለቴ አለ፣ ምልክት የሚሆነው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው። 2(ሸ + ሸ + 3) ≤ 50፣ መልሱ ሸ ≤ 11፤ ወርድ 0 ወይም ኔጋቲቭ ስለማይሆን 0 < ሸ ≤ 11። ሦስተኛ፦ «እናት 38 ዓመቷ፣ ልጇ 12 ዓመቱ ነው። የልጁ ዕድሜ ከእናቱ ዕድሜ ግማሽ የማያንሰው ቢያንስ ከስንት ዓመት በኋላ ነው?» 12 + ሸ ≥ (38 + ሸ)/2፣ መልሱ 14 ዓመት፤ ያኔ እሱ 26፣ እሷ 52 ይሆናሉ። 7 ካለሽ ልጁን እያሳደገ እናቲቱን 38 ላይ አቁሟታል፤ «እሷስ አታረጅም?» ብለሽ ጠይቂው።